የአፈር ልጅ፣ የዛፍ ልጅ

ከዚራ፣ የኒም ዛፍ ጥላ ካረፈበት ግድግዳ፣
ከላቦራቶሪው በር ላይ ተቀምጠናል እንደ እንግዳ።
ቬንትሌተሩ ይዞራል፤ ሙቀቱን ያመላልሳል እንጂ አያበርድም፤
ኢፍቱ እግሯን ታወዛውዛለች፣ ወረፋው ግን አይራመድም።

«ቀጥይ» አለች ሲስተር ረድኤት፤ ክንዷን በላስቲክ አሰረች፤
«ደም ስርሽ የት ተደበቀ?» እያለች በጣቷ ዳሰሰች።
«ደቻቱ ነው» አለቻት ልጄ፣ «ከአሸዋው ስር ነው የሚሄደው፤
ክረምት ሲሆን ብቻ ነው ጎርፍ ሆኖ የሚወርደው።»
ሳቅን። መርፌው ገባ። ልጄ ሳቋን አልጨረሰችም።
አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ቀላች። እሷም አላለቀሰችም።

እኔ ለውዝ ሻጭ ነኝ። የባቢሌ ለውዝ፣ የአፈር ልጅ፤
ቆልቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት እጅ በእጅ፣
ታይዋን ገበያ በር ላይ፣ ከጫት ሻጮቹ ጎን፣
የቤት ኪራይ ያወጣሁበት፣ ያሳደግሁበት እሷን።

በአፈንዲ ሠርግ ዕለት ነው፣ ሐላዋ በሳህን ሲዞር፣
ከንፈሯ ሲያብጥ ያየሁት፣ ደረቷ ሲያፏጭ፣ ትንፋሿ ሲያጥር።
በባጃጅ፣ ክላክስ እየነፋን፣ ሆስፒታል ደረስን በሌሊት፤
«ምን በላች?» አለ ሐኪሙ። አክስቷ ፈትያ፣ «ለውዝ ያለበት።»

ለውዝ?
የኔ ለውዝ?

ከዚያ ሌሊት ወዲህ እጄን ፈራሁት።
ሦስት ጊዜ በሳሙና፣ አንዴም በአሸዋ ፈተግሁት፤
ጆንያውን ከቤት አውጥቼ ጎረቤት አስቀመጥሁት፤
ፀጉሯን ልጎነጉን ስል ልቤን ሰማሁት።
በማን ልፍረድ እያልሁ ስገላበጥ እስኪነጋ፦
ጉሮሮዋን የምደፍንበት፣ ለካ ጉሮሮዋን የሚዘጋ!

ደሟ በበረዶ ሣጥን፣ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄደ፤
እኔ በዕድሜዬ ያልወጣሁበትን፣
ሁለት የሻይ ማንኪያ ደም ቀድሞኝ ወጥቶበት ነጎደ።
ዋጋውን አልናገርም። ጆንያው ያውቀዋል።
ዐሥራ አንድ ቀን ስልኬ በጮኸ ቁጥር እጄ ከድቶኛል።

ወረቀቱ መጣ። ዶክተር ሙክታር መነጽሩን ጠርጎ አነበበ፤
ጣቱን ከመስመር መስመር እየጎተተ፣ እንደገና አሰበ።
«የባቢሌው» አለ፣ «ዜሮ ነው ማለት ይቻላል፤
ካሹ ግን፣ ፒስታቺዮ ግን፣ ቁጥሩ ጣራ ነክቷል።
ዛፍ ላይ ያፈራው ነው ጠላቷ፤ ያንቺ ከአፈር ነው የሚቆፈረው፤
ስም ነው እንጂ ያዛመዳቸው፣ ደሟ ለይቶ ነው የጠራው።»

ለካ ፈትያ ጅዳ ኖራ፣ በዚያው አፏ ነው የመለሰችው፤
በዓረብ አፍ ለውዝ የዛፍ ነው፤ እኔ የሰማሁት የራሴን ነው።
ሐላዋው ውስጥ ካሹም ነበር፣ ከጅቡቲ የመጣ በጣሳ፤
ሁሉን በአንድ ስም ጠራችውና፣ አምስት ወር ተሸከምሁ ወቀሳ።
አንድ ቃል ባሕር ተሻግሮ፣ ከዛፍ ወርዶ አፈር ገባ፤
እኔም አብሬው ተቀበርሁ።

ሐኪሙ ግን ፈገግታዬን ሳልጨርስ አቋረጠኝ፦
«ቁጥር ብቻውን አይፈርድም፤ የሠርጉን ማታ ደግመሽ ንገሪኝ።
ሙሉ ፈቃድ የለሽም ገና፤ የመጀመሪያዋን ፍሬ
እዚሁ ፊቴ ትቅመሳት፣ ሐሙስ፣ መርፌ አጠገቧ አኑሬ።»

ሐሙስ አንዲት ከኪሴ አወጣሁ፤ ፈልፍዬ ሰጠኋት።
አኘከች። ሰዓቱን አየን። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አያት።
ጠበቅን። ከውጭ ባጃጅ አለፈ። እንደገና ጠበቅን።
«ጨው አንሶታል» አለች፤
እንደ ዳኛ ዓይኗን ጨፍና።

አሁን ሱቅ በሄድን ቁጥር፣ ብስኩት ሳታነሳ ከመደርደሪያ፣
ጣቷን ባንኮኒው ላይ አድርጋ ትጀምራለች መጠየቂያ፦
«ካሹ አለበት?» ባለሱቁ ዝም ካለ፣ «ካሹ ቀባ?»
«ካሹ ማ ኩ ጂራ?» ትላለች፣ ያም ጆሮው ካልገባ።
ሦስት ጊዜ፣ በሦስት አፍ።
እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ ያቺን ሌሊት አስባለሁ፤
ፈትያን፣ በአንድ አፍ እንኳ፣
«የቱ ለውዝ?» አላልኋትም።