ሩብ ዙር

ከሀራጅ ገበያ፣ ከፍሪጆች ተራ፣
ጎማው ካለቀበት ከሕፃን ጋሪ ጋራ፣
በሠላሳ ድርሃም ገዛሁት ቱቦውን፤
ሻጩ አላወቀም የሚሸጠውን።
«የውሃ ነው» አለኝ፣ አንኳኳው በጣቱ፤
እኔ ግን አጮለቅሁ፤ ከሆዱ፣ ከጥልቀቱ፣
ጎድጓዳ መስታወት፣ አቧራ የለበሰ፣
የገዛ ፊቴን ገልብጦ የመለሰ።

ራስ አል ኸይማ፣ ናኺል፤ ከማደሪያው ጣሪያ ላይ፣
ቀን ኤሲ ስጠግን አናቴን ከሚበላኝ ፀሐይ፣
ማታ ተመልሼ ወጣሁ፣ ካቻቪቴ ይዤ፣
ሦስት ቁጥር ብሩጎላ ከኪሴ መዝዤ።
ነሐሴ ነው። አየሩ እርጥብ ፎጣ፣ ያልተጨመቀ፤
ባሕሩ ባይታይም ሸሚዜ ላይ ዘለቀ።

የመድኃኒት ክዳን፣ መሐሉ በመርፌ የተበሳ፣
እሱ ነው መለኪያዬ።
የመስታወቱን እምብርት በእርሳስ ነጥቤያለሁ እንዳልረሳ።
በቀዳዳው ሳጮልቅ፣ መስታወት በመስታወት ውስጥ፣
ከሁሉም ወዲያ ደግሞ አንዲት ዐይን የምታፈጥ፤
የኔው ናት። ግን ጠማማ፣ ከመሐል የሸሸች፣
ወደ ቱቦው ጠርዝ ያፈገፈገች።

ለብቻ አይሆንም ይህ ነገር፤ እጄ አጭር ነው፤
ዐይን ከዚህ ጫፍ፣ ብሎን ከወዲያ ጫፍ ነው።
ብጠመዝዝ አላይም፣ ባይ አልጠመዝዝም።

ሙዘይን መጣልኝ፣ የወረባቦ ልጅ፣
ከሌሊቱ ስምንት የሚቆም ከዳቦ ምድጃ ደጅ፤
ክንዱ ታጥቦ እንኳ ዱቄት ዱቄት ይሸታል።
«ሽዋይ» እለዋለሁ፤ «ሽዋይ፣ ሽዋይ። ሩብ ዙር።
አይ፣ ወደ ኋላ መልስ። የግማሹን ግማሽ ዙር።»
«የቱን?» «የላይኛውን።» «ላይኛው የቱ ነው?
ከዚህ ሆኖ ሲያዩት ሁሉም ላይኛ ነው።»
ሳቅሁ፤ መስታወቱም ሳቀ፤ ዐይኔ ተንቀጠቀጠች፤
ከዚያ፣ አንዴ፣ እንደ ድመት፣ መሐል ገብታ ቁጭ አለች።

አሁን ኮከብ ያስፈልጋል፤ የማይሄድ፣ የሚቆይ፤
የሰሜን ኮከብ አለ፣ ከውሃ ታንከሩ በላይ።
ሻኪሶ ሳለሁ እኔ አላውቀውም ነበር፤
ከዝግባው ትከሻ በታች ነበር የሚያድር።
ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ ከዚህ ጨዋማ አየር፣
በተዘረጋ ክንድ ሁለት ቡጢ ተኩል ተነስቶ፣
አገኘሁት፣ ቆሞ፣ እንደ ዘበኛ ነቅቶ።

ትኩረቱን ስለቅቅ ኮከቡ ሰፋ፣ ቀለበት ሆነ፤
ጥላው በመሐሉ በልክ ያልተመዘነ።
ሩብ ዙር። ስምንተኛ። ከዚያ ትንፋሽ የምታህል።
ክብ በክብ ውስጥ ገባ፤ ጥላው ቆመ ከመሐል።

ግን ይፈላል ኮከቡ። እንደ ሽሮ ይንተከተካል።
መስታወቱ ልክ ነው፤ ብሎኖቹም፤ ታዲያ እሳቱ የታል?
ቀና ብል፣ በሰሜን ጥግ፣ ቁጥር ሰባት ኮምፕሬሰር፣
ትናንት በዚሁ እጄ ጋዝ ሞልቼ ያስነሳሁት፣ ሲያጓራ፣ ሲበር፣
የክፍሉን ትኩሳት ወደ ሰማይ ሲተፋ፣
ሰው ይተኛ ብዬ ያዳንኩት ማሽን ኮከቤን ሲገፋ።

ማጥፋት ነውር ነው፤ ነሐሴ ነው፤ ሰው ተኝቷል።
ሙዘይን ዝም ብሎ የማሽኑን ቁጥር ያያል።
«ሰባት የኔ ክፍል ነው። ሦስቱ ልጆች ሥራ ገብተዋል።
ምድጃ ደጅ ለምቆም ሰው ይኼ ሙቀት ምን ይለኛል?
አጥፋው። ለኔም ይታየኝ።»

ቆረጥኩት። ማራገቢያው አቃስቶ፣ ዞሮ፣ ቆመ።
ዐሥር ደቂቃ ጠበቅን፤ ላብ ከአገጫችን አዘገመ።
ስለ እህቱ ልጅ አወራኝ፣ ስም ገና ስላልወጣላት፤
በዱቄት ከረጢት ላይ ሰባት ጽፎ ሰባቱንም እንደሰረዘላት።

ከዚያ ዐየሁ።
ነጥብ። በነጥቡ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ቀለበት፤
ከጎኑ ደግሞ ደብዛዛ፣ ትንሽ፣ ሌላ ነጥብ፣ ጎረቤት።

ቦታውን ለቀቅሁለት። ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ።
«ሁለት ናቸው» አለኝ። «ማን ነው ያለው አንድ?»
ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ሸሚዙን ለበሰ ሊሄድ።
ብሩጎላዬን ይዞት ወረደ፤ ጠራሁት፤ አልሰማኝም ከደረጃው ኋላ።
እኔም ሰባትን አበራሁ። ኮከቡ ተመልሶ ፈላ።