የገመዱ መንገድ

ኢርማ ሃካላ ናት፣ ከታች የምትጠልቀው፣
እኔ ነኝ ከጀልባው፣ ቱቦ የምጠብቀው።
ትንፋሿ በእጄ ነው፣ በላስቲክ ሲሳብ፤
አንዴ ስትጎትት — ደህና ነኝ፣ አታስብ፤
ሁለቴ ከሆነ —
ያን አልፈልግም።

ከኖዮ ወደብ አፍ፣ ጥቂት ራቅ ብለን፣
በካሊፎርኒያ ጭጋግ፣ ሞተሩን አጥፍተን።

ለባሕር ጃርት ነበር፣ ድሮ የምትወርደው፣
ኬልፑን፣ ያን የባሕር ደን፣ ገልጣ የምትሄደው።
እያንዳንዱ ግንድ፣ ከድንጋይ ተነሥቶ፣
ፀሐይን ፍለጋ፣ ሽቅብ ተንጠራርቶ፣
ጫፉ ላይ እንደ ኳስ፣ በአየር ተነፍቶ።

ኋላ ውሃው ሞቀ። ኮከቡ ረገፈ።
የሰማዩን አይደለም፤
የባሕሩን ነው፣ ጃርት ይበላ የነበረውን፣
ክንድ ክንዱ ተቆርሶ፣ በአንድ በጋ ያለቀውን።
ጃርቱ ጌታ አጣ።
ሐምራዊ ሠራዊት፣ ሥሩን ገዘገዘው፣
ያን ሁሉ አረንጓዴ፣ ማዕበል ወሰደው፤
ዓሣው ዛፍ እንዳጣ፣ ጉሬዛ ሆነና
ቀረ ባዶ ድንጋይ፣ መላጣ ጎዳና።

ዛሬ ግን የላካት፣ የንፋስ ኩባንያ ነው።
ከአድማሱ ወዲያ፣ ተንሳፋፊ ማማ ሊያቆም ነው፤
ኤሌክትሪኩን ወደ ምድር የሚያመጣው ገመድ
በዚህ ወለል ሊሄድ፣
ይጠና ተብሎ አስቀድሞ መንገዱ፣
ሰሌዳ ሰጧት፣ እርሳስ ከነገመዱ።

ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳጥን፦
አሸዋ።
ድንጋይ።
ሌላ።

ነፋስ እሳት ያጠፋል ቢሉኝ፣ ድሮ እስቅ ነበር፤
ዛሬ ግን ይንፈስ እላለሁ።
ውሃችንን ያፈላው እሳት ነው፣ የምድር ጭስ ነው።
ብቻ ሐኪም ወደ አልጋው ሲቀርብ
በሽተኛውን ረግጦ ነው?

አርባ ደቂቃ። ቱቦው ዝም አለ።
ከዚያ ሁለቴ ጎተተች።
ስስብ፣ ስስብ፣ መዳፌ ተላጠ፤
ወጣች። ጭምብሏን ስታወልቅ፣ ፊቷ ተለወጠ፣
ከንፈሯ ሰማያዊ፣ ዓይኗ እንደ ልጅ ፈጠጠ።

ሰሌዳውን ሰጠችኝ።
አሸዋ፦ ባዶ። ድንጋይ፦ ባዶ።
ሌላ ከሚለው ፊት፣ በተንቀጠቀጠ ጽሕፈት፦
አርባ አንድ ግንድ። አጫጭር፣ የዘንድሮ።
ጃርት ያልነካው።

ኢንጂነር ኮርትላንድ በሬዲዮ ጠየቀ፦
"ሌላ ማለት ምን ማለት ነው?"
ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ከእጄ ተቀብላ፣
"ገመድህን አዙር" አለች፣ "ሌላ ማለት ሌላ።"

"ስንት ሜትር?"

ወደ ውሃው አየች።
"ሲያድጉ፣ ጥላቸው እስከሚደርስበት።"

ጻፈው፣ አልጻፈው፣ እንጃ፤
ሬዲዮው ይንጫጫ ነበር፣
እኔም ቱቦውን እየጠቀለልኩ ነበር።