ወንበር የዘጋው ሱቅ

"ደምህ ከፍ ብሏል፣ ሂድና እረፍ" ቢለኝ ሐኪም፣
ሚስቴ ትኬት ቆርጣ ድሬ አወረደችኝ፤ አላማከረችኝም።
አምስት ቀን ዕረፍት!
ስልኬ ግን አላረፈም፣ ይጮሃል በየሩብ ሰዓት።
ደግፌ ነው፣ ሱቁን የተውኩለት ልጅ፦
"ጋሼ፣ ትልቁን በስንት ልስጥ? ገዢ ቆሟል ከደጅ።"

ጓጉንቸር መሸጥ ነው ሥራዬ፤
ሃያ ሁለት ዓመት መርካቶ፣ የሰው ፍርሃት ነው እንጀራዬ።
የቻይናውን፣ የህንዱን፣ ባለሦስት ጥርሱን እየደረደርኩ፣
ሌባ በበዛ ቁጥር በልቤ "ተመስገን" እያልኩ ኖርኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣
ከዚራ ጥላዋ ውስጥ ተኝታ፣ ፀሐይ ብቻዋን አደባባይ፣
ደቻቱ ውሃውን ረስቶ፣ አሸዋውን ተንተርሶ፣
ባጃጁ ሹፌሩን አስተኝቶ፣ የሸራ ጋቢውን ለብሶ፣
ከፊራ ገበያ ጥግ የጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ፤
አንድ እግሬ አስፋልት ላይ ተጠበሰ።

እያነከስኩ አንድ ጫማ ሱቅ ደረስኩ።
"ቤቶች!" አልኩ። ደግሜ "ቤቶች!" አልኩ።
ዕቃው እስከ ጣሪያ ሞልቷል፤ ሰው የለም።
መሳቢያው እንኳ አልተቆለፈም።
ደፉ ላይ አንዲት የእንጨት ወንበር በጎኗ ተጋድማለች፤
"አው አብዶሽ ተኝተዋል" አለኝ አንድ ልጅ፣ "እሷ ዘግታለች።"

ወንበር!
እኔ ለዚህ በር
ሁለት ጓጉንቸር፣ አንድ መወርወሪያ በሸጥኩለት ነበር።

ልሂድ? በየትኛው እግሬ?
ወንበሯን አቃንቼ ተቀመጥኩ፣ ላቤን በእጅጌዬ ጠርጌ፤
ለካ እሷ ስትቃና
ሱቁ ተከፈተ ማለት ነው፤ እኔ መቼ አውቄ እና!

አንዲት ሴት መጣች፤
ንፋስ በሌለበት ቀን፣ ብርቱካንማ ድሪያዋ ንፋስ ይዛ መጣች።
ሰማያዊ የልጅ ሰንደል አነሳች፣ ጎበጥ ቀና አደረገች፤
"አቦ፣ ይሄ ስንት ነው?" አለች።

ልማድ ክፉ ነው፤ አፌ ቀደመኝ፦
"ሦስት መቶ ሃምሳ።" ተከራከረችኝ።
"መግዣው ራሱ ሦስት መቶ ነው" ብዬ
የማላውቀውን መግዣ ማልኩላት፣ በልጆቼ፣ በእናት በአባቴ ብዬ።
በሦስት መቶ ሃያ ወሰደች።
እንዴት ደስ እንዳለኝ! ልክ እንደ ልጅ፤
ያ "እረፍ" የተባለ ደሜ እንደ ውርንጭላ ፈነጨ በደጅ።

አው አብዶሽ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ሽርጣቸውን እያጠበቁ፣
ጉንጫቸው ላይ የሰሌን መስመር ታትሞ፣ ሳይቸኩሉ ነቁ።
ብሩን ዘረጋሁ፣ ገድሌን ነገርኩ፤
"ጎበዝ!" እስኪሉኝ ጠበቅኩ።
"የቱ ሰንደል? ሰማያዊው?
እሱማ ሁለት መቶ ነው!
ማን ናት የወሰደችው?"
"ሒንዲያ፣ የዳቦ ቤቷ" አለ ልጁ።
መቶ ሃያውን ቆጥረው ጨበጡ፣
ያን እሳት ቀትር ሰንጥቀው ወጡ።
እኔን፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ፣
ከነመሳቢያው፣ ከነሱቁ፣
ትተውኝ ወጡ።

በላብ ተነክረው ሲመለሱ፣
"ነገ ብትመጣ አይደርስም?" አልኳቸው፣ ሳይቀመጡ፣ ሳይተነፍሱ።
"አንተ ነገ በባቡር ትሄዳለህ፤ እኔ ግን እሷን በየማለዳው አያለሁ።
ደግሞስ" አሉ እየሳቁ፣ "ያን ብር ትራስ ሥር አድርጌ እንዴት እተኛለሁ?"

ማሰሪያዬን ሰፉልኝ። ሠላሳ ብር አሉኝ፤
ሃምሳ ብሰጥ ሃያውን መለሱልኝ።
ሱቅ የጠበቅኩበትን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልቀነሱልኝ።

ስልኩ ጮኸ።
"ጋሼ፣ አንድ የገጠር አባት መጥተዋል፣ ዋጋ አያውቁም፣ ይታያሉ፤
ስንት ልበላቸው? ለእህል ጎተራ ነው ይላሉ።"
ዝም አልኩ።
"ጋሼ? ይሰማል?"
ከበስተጀርባው የመርካቶ ጡሩምባ ይሰማል፤
እዚህ አው አብዶሽ ጎናቸውን ሊያሳርፉ ገብተዋል፣
ወንበሯም ተመልሳ ተጋድማለች።

"ዋጋውን ቆይ፣ እነግርሃለሁ" አልኩት፣ "አትቸኩልባቸው።
መጀመሪያ ወንበር ስጣቸው።"