ለጢስ የተፈተለ

ሊበሬትስ ላይ በረዶ ጥሏል፤
የሱፍ ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፏል።
ቭላስቲሚላ ግን እንደ ፈረቃዋ ዘመን ማልዳ ትነሳለች፣
በትራም ዳገቱን ትወጣለች፣
ሰላሳ ዓመት ክር የቀጠለ ጣቷን ጓንት ውስጥ ትከታለች፣
የቤተ ሙከራውን ወለል ትወለውላለች።

እዚህም ይፈተላል።
እንዝርት ግን የለም፣ ጥጥም የለም፣ መዘውርም የለም።
አንዲት መርፌ አለች፤ ከጫፏ ጠብታ ተንጠልጥሏል፣
ሙጫና የአሉሚኒየም ጨው አብሮ ሟሙቶበታል።
ከፊቷ ሰሌዳ፤ በመሀል ሃያ ሺህ ቮልት
ድምፁን ውጦ የሚያገሳበት።
ጠብታው ይሾላል፣ ይፈራል፣ ይንቀጠቀጣል፣
ከዚያ እንደ ሐሜት ቀጥኖ ያመልጣል፤
ሲሄድ ዓይን አያየው፤ ሲደርስ ብቻ ይነጣል።

ወጣቱ ራዶቫን ሦስት ወር ሙሉ ክሩ ተበጠሰበት።
ቮልቱን ቀነሰ፣ ሙጫውን አቀጠነ፣ መርፌ ቀየረለት፤
ሰሌዳው ላይ የሚያገኘው ግን የዝንብ ኩስ የመሰለ ነቁጥ፣
ነቁጥ ላይ ነቁጥ።

አንድ ማታ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ፣
«ልጄ» አለችው፣ ትንሽ አፍራ፣
«እኛ ሱፉ ሲደርቅ ነበር የሚበጠሰው፤
ያንተው ተገላቢጦሽ፣ እርጥበት ነው የሚያፈርሰው።
ባለፈው ሰኞ ታምሜ ቀረሁ፤
ሰኞ ክርህ አልተቆረጠም፤ ቆጥሬ አየሁ።
ውሃዬ ነው።»

ሳቀ።
ከዚያ መዝገቡን ገለጠ፤ መሳቁን ተወ።

ድሩን እቶን አስገቡት። ሙጫው ነደደ፣ ጨሰ፣ ሄደ።
በእኔ ቋንቋ ይህ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ሳይቀልጥ ወርቁ መች ታየ?
ጨርቅ የነበረው ሸክላ ሆኖ ከእሳት ተለየ፣
ውፍረቱ የጸጉር ሺሕኛ፣
ፓላዲየም እንደ ጤዛ በላዩ የተኛ።

መርዙ በመሀሉ ሲያልፍ ይህ ቅንጣት ብረት
ሽምግልና ይቀመጣል፣ እንደ ሰፈር አባት፦
ናይትሮጅንን ከኦክስጅን ያፋታል፣
ነዶ ላላለቀው ካርቦን ሙሽራ ያመጣል፣
ድግሱን ደግሶ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ
እዚያው ይጠብቃል፣ ሌላ ጠብ እስኪደርስ።

ሚያዝያ ላይ ጓሮ አሮጌ የናፍጣ ሞተር አስነሱ።
ሽታው የኦልድርዥህ ነበር፤ የባሏ፣ የሸሚዙ፣ የትራሱ፤
ኦስትራቫ፣ የኮክ ምድጃ ላይ ሃያ ስድስት ክረምት ቆሞ
ትንፋሹን በየወሩ፣ ደሞዝ ሲቀበል፣ ፈርሞ
ያስረከበ ሰው።

አጥሩን ይዛ ቆመች።
የመለኪያው ቀስት ወረደ፣
ወረደ፣
ዜሮ ሊደርስ ሦስት ጣት ሲቀረው ቆመ።

«ገና ነው» አለ ራዶቫን፣ «ሲሞቅ ሲበርድ ይሰነጠቃል፤
መቶ ሰዓት ከሠራ በኋላ ይደክማል።»
«የማይደክም ማን አለ?» አለችው።

ማታ የተሰበረ ቁራጭ በክብሪት ቤት ይዛ ገባች፣
መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣
ሳታስበው ተነፈሰች፤
በረረ።
ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስትፈልግ አመሸች።

በማግስቱ ዳገቱን ወጣች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣
ባልዲዋን ባዶውን ትታ
በደረቅ ጨርቅ ወለወለች።