ክፈትና እየው

መጋላ ጥግ ላይ ነው የጥገና ሱቄ፤
ሦስት ቴሌቪዥን አከምኩ፣ በሙቀት አልቄ።
አንዱ ካርዱ የነደደ፣ አንዱ ድምፁ የጠፋበት፣
አንዱ ደግሞ ደህና ነው፤ ባለቤቱ በንዴት
«ይዋሻል» ብሎ ነው፣ አቦ፣ ያመጣው ከቤት።
ሳቄ መጣ። ገንዘቡን አልወሰድኩም።
ለዚህኛው በሽታ መለዋወጫ አልሸጥም።

ድሮ አንድ ሰውዬ ነበር፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣ፣
ክራቫቱ የተጣመመ፣ ድምፁ ጨው ያጣ፣
ሹሙን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣
«ለድልድዩ የተያዘው ገንዘብ የታለ?» የሚል ረግጦ።
ሹሙ ውሃ ሲጠጣ፣ እሱ ዝም ብሎ ሲጠብቅ፣
እኛም በርጫ ላይ ሆነን ትንፋሻችን ሲጨነቅ፣
ያ ዝምታ ነበረ የፕሮግራሙ ሙዚቃ።
እንቅልፍ ያመጣ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ግን በቃ፣
ተኝተን ስንነሳ አንድ ነገር አውቀን ነበር፤
ወይ የስኳር ዋጋ፣ ወይ የቧንቧ ነገር።

አሁን ማክሰኞ ማታ፣ ልክ በሁለት ሰዓት
ቀይ ፊደል ይፈነዳል እንደ ርችት፣ እንደ እሳት፤
«ጉዷ ወጣ!» ይላል። የማን ጉድ? አይነግርም፤
ዘይት ያስተዋውቃል፣ ሳሙና ያስተዋውቃል፣ አሁንም አይነግርም።
ቫዮሊን ያለቅሳል፣ ሰው ገና ሳያለቅስ፤
አቅራቢው ቀድሞን ዓይኑን በሶፍት ሲያብስ
(ሶፍቱም ስፖንሰር አለው)
የተጣሉት ይታረቃሉ፤
የታረቁት ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ይጣላሉ።
ልናዘዝ፤ እኔም አያለሁ፣ ሻይ ይዤ፣ ተመቻችቼ።
የሰው ገመና ይጣፍጣል፤ አልጠገብኩትም በልቼ።

እንግዲህ ደቻቱ የሞላ ሌሊት፣
(እዚህ ጠብ ሳይል፣ ላይ ደጋው ዘንቦበት፣
አሸዋ ሆኖ ውሎ፣ ሲመሽ ወንዝ የሚሆን ጉድ)
የዘይቱናን ጓዳ ወሰደው፣ ግድግዳው ሲናድ።
ሽንኩርት ቸርቻሪዋን፣ የአሸዋ ገበያዋን።
በሦስተኛው ቀን መጡ፣ ይዘው ካሜራቸውን።
ድሮን አበረሩ። ልጆች ተንጫጩ፤ ፍየሎች ሮጡ።
እሷንም ከኒም ጥላ፣ «ጭቃው ይታይ» ብለው፣ ወደ ፀሐይ አወጡ።

ቆጥራ ነገረቻቸው፣ በጣቷ፣ አንድ በአንድ፦
የግንቡ ስንጥቅ ዓምና እንኳ እንደሚያስገባ ክንድ፤
ለቀበሌ ሦስት ጊዜ ማመልከቷን፤
የማመልከቻውን ቁጥር፤ የተቀበላትን ሰው፤ ቀኑን።
«ጥሩ ነው» አላት አንዱ ልጅ፣ ሰዓቱን እያየ፤
«ግን የደረቅ ዓይን ወሬ ማን ቁጭ ብሎ አየ?
ባልሽስ? ሌላ ሴት ይዟል ይባላል፤ እውነት ነው?»
ባሏ ጅቡቲ ነው። ወደብ። ሰባት ዓመቱ ነው።

ማክሰኞ ደረሰ። ሱቄ በሰፈሩ ሰው ታጨቀ፤
ዘይቱና ሻሽ ቀይራ መጣች፤ ፊቷ ደመቀ።
አርባ ደቂቃ። ቫዮሊን። ባሏን በስልክ አገኙት፤
ሰላም እንኳ ሳይሉት፣ በአገር ፊት አዋረዱት።
እሷም ስታለቅስ ታየች
(ሽንኩርት ስትከትፍ ነው የቀዷት፤ አይቼ ነበር በዓይኔ)፤
ከኋላዋ ግንቡ ደብዝዞ ቆሟል፣
እንደማያገባው ምሥክር፣ እንደ እኔ።
ስለ ስንጥቁ አንድ ቃል የለ። ስለ ቁጥሩም የለ።
«ሌላዋ ሴት ማናት? ሳምንት ይጠብቁን!» ተባለ።
ማንም አልተነፈሰም። ከውጭ ባጃጅ ጮኾ አለፈ።
ከዚያ አንዱ ሳቀ። አንዱ ስልኩን አወጣ፤ ስለ ባሏ ጻፈ።

ትናንት በጠዋት መጣች፣ ቲቪዋን በጀርባዋ አዝላ፤
ያቺን ሆዳም አሮጌ ሣጥን፣ ጎርፍ የጠገበች፣ እንደ ልጅ፣ በነጠላ።
«ክፈትና እየው እስቲ» አለችኝ፤ «ያ የተናገርኩት፣
ያልታየው፣ እዚሁ ውስጥ ቀርቶ እንደሁ፣ የቆረጡት።»
ፊቷን አየሁ። አትቀልድም።
ወይም ትቀልዳለች፤ የድሬ ሰው አይታወቅም።

አምስት ብሎን ፈታሁ። ስድስተኛው ዝጎ ነበር።
የወጣውን ጋዜጣ ላይ ዘረገፍኩት፣ ያለ ንግግር፦
የሸረሪት ድር፤ የደረቀ እንሽላሊት፤
አንድ የሽንኩርት ልጣጭ፤ ከካርዱ ሥር ደግሞ የዚያ ሌሊት
የደቻቱ ደለል፣ ደርቆ፣ እንደ ግንቡ የተሰነጠቀ።
ዘይቱና ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው።
«ይኸው» አለች።
«አንተም አየህ» አለች።