የምላስ ክብደት

የመኪናዋ መጽሐፍ፣ ገጽ ሁለት መቶ አራት፣
በደቃቅ ፊደላት ያሰፈረው ስሌት፦
ስድስት መቶ ሰማንያ ኪሎ፤ ከዚያ በላይ አትጎትት።

እኔ ቁጥር አማኝ ነኝ፤
በእንጨት መሰንጠቂያው ሚዛን ሠላሳ ዓመት ያረጀሁኝ፣
ግንድ ጭኖ የመጣውን፣ ባዶውን የሄደውን መዝግቤ ያሳደርኩ፣
ከሚስቴ ጋር እንኳ ሳልመዝን ያልተናገርኩ።

ስለዚህ ደመርኩ፦
ተጎታቹ ብረት፣ ሁለቱ ጄት ስኪዎች፣
(ከጎረቤታችን ከቨርል የገዛናቸው፣
አንዱ ቀይ፣ አንዱ ፀሐይ ያጠወለገው ቢጫ)
ቤንዚኑ፣ ገመዱ፣ የበረዶ ሣጥኑ፣ መልሕቁ፤
ሃያ ሁለት ኪሎ ትርፍ።
መልሕቁ ይቅር አልኩ። የበረዶ ሣጥኑም ይቅር።
ዳርላ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና
«አንተስ?» አለች።

ቨርል ቤት የሚያህል መኪናውን ተደግፎ
በአጥሩ ላይ ሳቀ፦ «ጉንዳን በሬ ስትነዳ!»

ያን ከተጎታቹ ፊት ወጥቶ ኳሷን የሚጎርሰውን ብረት
ምላስ ይሉታል።
ከጫናው ከዐሥር አንዱ እጅ እሱ ላይ ይረፍ ይላል መጽሐፉ።
ምላሱ የቀለለ ሲፈጥን ይወዛወዛል፣
ጭራውን እየወረወረ ጎታቹን ይጥላል።
ምላሱ የከበደም አይበጅ፤
መኪናይቱ በኋላዋ ትቀመጣለች፣ መብራቷ ሰማይ ያያል።
ይህን ሳነብላት ዳርላ ቀና አለች፦
«ያንተ የትኛው ነው?»

ቅዳሜ፣ ከሙኒሲንግ ወደ ምዕራብ። መሪው የእሷ።
ጥድ በግራ፣ ጥድ በቀኝ፤
ዳገቱ ላይ ሞተሩ ምጥ እንደያዛት ጮኸ፤
ከኋላችን አምስት መኪና ተሰለፈ፣ አንዱ ጥሩምባ ነፋ።
እሷ በቀኝ ጠርዝ እያዘገመች
«ይለፉ፣ ሐይቁ አይሸሽም» አለች።

ቁልቁለቱ ላይ ግንድ የጫነ ከባድ መኪና በአጠገባችን በረረ።
ነፋሱ ሳበን፣ ገፋን፤
በመስታወቱ ውስጥ ቀዩና ቢጫው
አንዴ ሲታዩ አንዴ ሲጠፉ፣
እንደ ሰካራም ወንድማማች ሲጋፉ፣
«ፍሬን!» ልል አፌን ከፈትኩ፤
ምላሴን ነከስኩ።
ፍሬን የረገጠ ይገለበጣል፤ ገጽ ሁለት መቶ ዘጠኝ።
እሷ እግሯን ከነዳጁ አነሳች እንጂ ሌላ አልነካችም፣
መሪውን እንደ እንቁላል ያዘች፤
ቀስ፣
ቀስ፣
ጭራው ልብ ገዛ።
ሁለት ማይል ያህል ማናችንም አልተነፈስንም።

የሐይቁ መውረጃ ላይ ሰው ሞልቷል፣
ወደኋላ መንዳት ሲመጣ ሁሉም ዳኛ ነው።
ወደ ግራ እንዲሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ወደ ግራ፤
ስንት ትዳር ፈርሷል እዚች ሲሚንቶ ላይ!
እኔ ከኋላ ቆሜ እጄን አወናጭፋለሁ፣
እሷ አንዱንም አላየችልኝም።
በሦስተኛው ገባች።

ጄት ስኪዎቹ ተንሳፈፉ። የቀረው ባዶ ብረት፣ ቀላል ነገር፣
ብለን ሳንጨርስ
የፊት ጎማዎቿ አረንጓዴው ዝቃጭ ላይ ተሽከረከሩ፤
ጢስ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ፤
መኪናይቱ ወደ ውሃው አንድ ክንድ ተንሸራተተች።
ዳርላ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ በሰው ሁሉ ፊት
«ና፣ ኮፈኑ ላይ ውጣ» አለችኝ፣
«ያ ትርፍ ኪሎህ ዛሬ ይፈለጋል።»

ወጣሁ። መቶ አራት ኪሎ፣
አንድ ግራም ሳይቀነስልኝ ተቆጠርኩ።
ጎማው ነከሰ።
አንድ ሕፃን አጨበጨበ፤
እኔም ኮፈኑ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ እንደ ተመራጭ ከንቲባ፣
እጄን አውለበለብኩ።

ከዚያ ወደ ውሃው ዞርኩ።
ቀዩ ቀና ብሎ ቆሟል።
ቢጫው በኋላው በኩል እየሰጠመ ነው፣ በዝግታ፣
ወንበር እንደሚስብ ሽማግሌ።
እጄን ኪሴ ብከት
ትናንት ማታ «ውሃው ይጠንፈፍ» ብዬ የነቀልኳት
የጣት ጫፍ የምታህል ውታፍ፤
ሦስት ግራም ብትሆን ነው።
እሷን አልመዘንኳትም።

ዳርላ ቁልፉን እያንቀጫቀጨች ቁልቁል ትመጣለች፤
ምን እንደምላት እየመዘንኩ
ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ።