እማዬ፣ አትግቢ

እማዬ ከገባች ግብ ይቆጠርብናል፤
አባባ ብቻ አይደል፣ ሮተርዳም ያውቀዋል።
ለዋንጫው ቀን ታዲያ፣ ሽንኩርትና ቢላ
ይዛ ደረጃው ላይ፣ ከእኛ ተገልላ፣
ዘጠና ደቂቃ ስትልጥ፣ ስትከትፍ፣
ጩኸታችንን ሰምታ ስታዝን፣ ስታርፍ።

ፊሽካው ተነፋ። አበድን። ሶፋው ተሰበረ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ቡድኑን ሲሰድብ የኖረ
አባባ፣ «የኔ ልጆች!» እያለ
ቴሌቪዥን ሲስም መነጽሩን ጣለ።

እሷን መጥራት ረሳን።

ከላይኛው ፎቅ ግን ቪለሚን ወረደች፣
የሰማንያ ዓመት ሴት፣ ቀይ ሻርፕ ያጠለቀች፣
አንድ እግሯ በጫማ፣ አንዱ በካልሲ፤
እማዬን ከነቢላዋ አቀፈች።

በሩን ስንከፍተው ሁለቱም ያለቅሳሉ፤
አንዷ በሆላንድኛ፣ አንዷ በአማርኛ፣
«ሽንኩርቱ ነው» ይላሉ።